የጎረቤት ዝምታ



ዛሬ የማነሣላችሁ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጉዳይ ነው። ይህ ዘርፍ ሰው በሰው መካከል ሲሆን ሐሳቡና ድርጊቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠና ትምህርት ነው። ከሰፊው ዘርፍ አንዲት ሐሳብ ብቻ መርጫለሁ፤ በዜናውም፣ በሠርጋችንም፣ በለቅሷችንም ስለማያት። ብዙ ሰዎች በልባቸው አንድ ዓይነት ነገር እያሰቡ፣ እያንዳንዳቸው «እንዲህ የማስበው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ዝም ይላሉ። የአንዱ ዝምታ ደግሞ ለሌላው ማስረጃ ይሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሰዎችን መጠይቅ ሙሉ ብለው ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባ ጀመር። ብቻቸውን ከተቀመጡት ከአራቱ ሦስቱ ተነሥተው ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው እንዲቀመጡ በተነገራቸው ሁለት ሰዎች መካከል ከተቀመጡት ግን ከ10ሩ የተናገረው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት እያሳሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። የጎናቸውን ሰው ፊት አይተው «አደጋ ቢሆን ይሄ ዝም ይል ነበር?» ብለው ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ዜና እንምጣ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ ነው በሚል ወሬ በደቦ ተገደሉ። እኔ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ወሬውን አምኗል ብዬ አላምንም። «ቆይ፣ እስቲ እንጠይቃቸው» ለማለት የፈለገ አይጠፋም፤ ዙሪያውን ሲያይ ግን የተቆጣ ፊትና ዝም ያለ ፊት ብቻ አየ። ዝም ያለውንም ከተቆጣው ጋር ደመረው። ለጤና ጥናት የመጣ ሰው እንዲህ ሲሞት ዝም ብሎ የቆመው ሰውም ድርሻ እንዳለው ደፍሬ እናገራለሁ።

ገበያውም ከዚህ አይርቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲታወጅ ዘይት ተወደደ። እጥረት ይመጣል ብሎ ያላመነው ሰው ሳይቀር፣ ጎረቤቱ ዘይት ሲያስገባ ካየ እሱም መሮጡ አይቀርም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባው መርካቶ ተነሥቶ ወደዚህ ወደ ጉመር ደጋ የሚመጣውን አባወራ አስቡት። እናቶች በውጆ ማኅበራቸው ቅቤያቸውን ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመዋል፤ እሱም ለሰንጋው ዕቁብ ጥሏል። ይህ የሚያኮራ ሥርዓት ነው፤ የጉራጌ ሕዝባችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራው በዚሁ የመተባበር ልማድ ነው። መስቀል ይቅር የሚል ሰው አላውቅም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ሥራው የተቀዛቀዘበት ሰው ዘንድሮ ለብቻው ሰንጋ ከመጣል ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ቅርጫ ቢገባ ደስ ይለዋል። ወንድሞቹም እንደዚያው። ግን ማንም አያነሣውም፤ «ከተማ ከርሞ ባዶ እጁን መጣ» መባልን ይፈራል። ሦስቱም ተበድረው ሦስት ሰንጋ ያርዳሉ፤ በጥር ሦስቱም ዕዳ ይከፍላሉ። በሠርግና በተዝካር ድግስም የማየው ይህንኑ ነው። ከኪሳችን የሚወጣው ለበዓሉ ብቻ አይደለም፣ ስለሌላው ልብ ለያዝነው የተሳሳተ ግምትም ነው።

ይህ ግምት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በቅርባችን ያለው ከምባታ አሳይቷል። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሲነሣ ልማዱ ሴቶችን ሁሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ያዳረሰ ነበር። ድርጅቱ ሰዎችን እየሰበሰበ እርስ በርስ አነጋገራቸው። እናት ልጇን የምታስገርዘው ደስ ስላላት ሳይሆን «የሚያገባት አታገኝም» ብላ እንደሆነ፣ ወጣቱም ያልተገረዘች አላገባም ብሎ እንዳልማለ በአደባባይ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ሁለት ሺህ የሚሆን ሰው በተገኘበት ሠርግ ተዳረች፤ እሷም ሙሽራውም ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ «እንዲህ የሚያስብ ሰው የለም» ማለት አይቻልም። ሺህ በራሪ ወረቀት ያን ቀን አይተካውም።

እኛም የራሳችን አለን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አስከትላ የጉራጌ ባህላዊ ሸንጎ በሆነው የጆካ ፊት ቀርባ ስለ ጋብቻና ፍቺ መብት ስትሟገት፣ የተናገረችው ብዙዎች በጓዳ የሚያውቁትን ብሶት ነበር። እንዲህ ያለ የአንድ ሰው ድምፅ የሚያመጣው ለውጥ በሙከራም ታይቷል፤ ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ግልጽ ስሕተት ሲናገሩ ብዙ ሰው ዓይኑ ያየውን ትቶ አብሮ ይሳሳት ነበር፤ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ስሕተቱ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። የአንድ ሰው ድምፅ ይህን ያህል ኃይል አለው።

ስለዚህ ለእድር ዳኞችና ለመምህራን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ከመጪው መስቀል በፊት ለየአባወራውና ለየእማወራዋ ስም የማይጻፍበት ወረቀት ይታደል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቅ፦ አንተ ለሠርግና ለተዝካር ድግስ ምን ያህል ወጪ ይበቃል ትላለህ? ጎረቤቶችህስ ምን ያህል ይላሉ ብለህ ትገምታለህ? ማንበብ ለማይችሉ ተማሪዎች በየቤቱ እየሄዱ ይጻፉላቸው። ወረቀቱ ተቆጥሮ ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን በእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ ውይይቱም ከዚያ ይጀመር።