«አዲስ ሃይማኖት» የሚባለውን ስለ መለየት
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




በተማሪዎች መዝገብ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ዓምድ በሚገኝበት ስፍራ፥ መምህሩ ሳይጨነቅ የሚጽፈው ጥቂት የታወቁ ስሞችን ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው ወላጁ ያልተለመደ ስም የጠራ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ «ይህስ ሃይማኖት ነው ወይስ ማኅበር?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን «አዳዲስ የሃይማኖት እንቅስቃሴዎች» ይሏቸዋል፤ ነገር ግን ከቃላቱ አንዱም እንኳ ያለ ክርክር የቆመ አይደለም።

«አዲስ» የሚለውን እንመልከት። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በጃፓን ከአዲሶቹ ሃይማኖቶች ጋር የሚቈጠረው ቴንሪክዮ የተመሠረተው በ1838 ነው፤ በአውሮፓ ያሉ ብዙ ተመራማሪዎች ግን አዲስ የሚሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የታየውን ነው። በእኛ ቋንቋ «መጤ» የሚባለውም ቃል የተናጋሪውን ስሜት እንጂ የነገሩን ጠባይ ስለማይገልጽ፥ ከመማሪያ ክፍል ቢወጣ ደግ ይመስለኛል።

በኮንጎ የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል። ሲሞን ኪምባንጉ የተባለ የባፕቲስት ሚሲዮን አስተማሪ በ1921 ንካምባ በተባለች መንደር ይሰብክ፥ በሽተኞችንም ይፈውስ ጀመር፤ ሕዝቡም ሥራውን እየተወ ወደ እርሱ ጎረፈ። የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች ነገሩን እንደ ዓመፅ ቈጥረው በዚያው ዓመት ሞት ፈረዱበት፤ በኋላም ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሠላሳ ዓመት ታስሮ በ1951 እዚያው በወኅኒ ሞተ። ተከታዮቹ ግን አልተበተኑም። በ1959 መጨረሻ መንግሥት ዕውቅና ሰጣቸው፤ በ1969 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በአባልነት ተቀበላቸው፤ በ2021 ደግሞ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ በተነሣ የትምህርት ልዩነት ያው ምክር ቤት አባልነታቸውን አቋረጠ። እንግዲህ አንዱ ማኅበር በመቶ ዓመት ውስጥ ዓመፅም ቤተ ክርስቲያንም ተብሎ፥ እንደ ገና ከጉባኤው ወጥቷል። ለገዥው ጥያቄው የጸጥታ ነበረ፤ ለምክር ቤቱ የዶግማ ነበረ። ስለዚህ ስሙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ስሙ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ምሳሌ የራስ ተፈሪያውያን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ከነገሡ በኋላ፥ በጃማይካ ድኾች መካከል በንጉሠ ነገሥቱ መለኮትነት የሚያምን ወገን ተነሣ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ኋላ መጥተው በሻሸመኔ ሰፈሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ግን ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። በ1970 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጃማይካ ስትመሠረት፥ ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎች ተጠመቁ፤ ተጠምቀውም የቀደመውን እምነት ያልተዉ አሉ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ «የእኛስ አኗኗር እንጂ ሃይማኖት አይደለም» ይላሉ። መዝገብ ጸሐፊው ምን ይጻፍ?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፥ በ2019 በናይሮቢ አንዲት ተማሪ የተጎነጎነ ጸጉሯን ባለመቁረጧ ከትምህርት ቤት በተባረረች ጊዜ፥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራስ ተፈሪያዊነት በሕግ የሚጠበቅ ሃይማኖት ነው ብሎ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ወሰነ። የማላዊም ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። ዳኞቹ የመረመሩት እምነቱ እውነት መሆኑን አይደለም፤ በቅን ልብ የተያዘ መሆኑን ነው። ለትምህርት ቤት ይህ መለኪያ በቂ ነው እላለሁ፤ ወላጁ የጠራውን ስም እንደ ጠራው መጻፍ ነው።

«እንግዲያስ ማንም የፈለገውን ያድርግ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያው በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ፥ ተከታዮቹን እንዲጾሙ አዟል ከተባለ ሰባኪ ማኅበር ከ400 በላይ አስከሬን ተቈፍሮ ወጥቷል፤ ከሟቾቹም ብዙዎች ሕፃናት ነበሩ። ነገር ግን ያን ማኅበር «አዲስ ሃይማኖት ነው» ወይም «አይደለም» ማለት አንድም ሕፃን ባላዳነ ነበር። ሰባኪው ከዓመታት በፊት ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ያስተምር ነበር። ከተማሪ ቤት የቀረውን ልጅ ስም በየማለዳው የሚጠራው ደግሞ መምህሩ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በማኅበራችን ፊት የማቀርበው ሐሳብ፥ የሃይማኖቱ ዓምድ ለወላጁ እንዲተው፥ የመቅረቱ ዓምድ ግን በየሳምንቱ እንዲመረመርና ምክንያቱ ከቤተ ሰቡ እንዲጠየቅ ነው።