ሲቢል ቶርንዳይክ፦ ከፒያኖ ወደ መድረክ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት እንግሊዛዊት የቲያትር ተዋናይ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። «እሷን ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ታሪኳን ያነበብኩት ፕሲኮሜትሪውን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ፣ የፈለግሁት ትምህርት የሚጠይቀውን ነጥብ ሳላመጣ ቀርቼ፣ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሲቢል ቶርንዳይክ በ1882 እ.ኤ.አ. ጌንስቦሮ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደች። አባቷ የክርስቲያን ቄስ ነበሩ። የልጅነት ሕልሟ ፒያኖ ነበር። ለንደን፣ ጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ሕዝብ ፊትም ተጫወተች። ከዚያ የእጇ አንጓ ታመመ። እጇ እንደ ልብ አልታዘዝ ሲላት ያ ሁሉ የልፋት ዓመት እዚያው ላይ ቆመ።

ወንድሟ ራስል ተዋናይ መሆን ይፈልግ ነበርና እሷም እንድትሞክር ገፋፋት። ወላጆቿ አልከለከሏትም። በ1904 ከቤን ግሪት የቲያትር ቡድን ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሼክስፒርን ቲያትር ያሳዩ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ጣሪያ በሌለበት ሜዳ ላይ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ገጸ ባሕርያትን ተጫወተች። እዚያ ደግሞ ድምጿ ተጎዳ፤ ሐኪም ለሳምንታት አንዲት ቃል እንዳትናገር አዘዛት። አስቡት እስቲ! መጀመሪያ እጇ፣ ቀጥሎ ድምጿ። ዝም ብላ ጠበቀች፤ ድምጿ ተመለሰላት።

በ1908 ሉዊስ ካሰን የሚባል ተዋናይ አገባች፤ አራት ልጆች ወለዱ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለንደን ውስጥ ኦልድ ቪክ በሚባለው ቲያትር ቤት ገባች። ሊሊያን ቤይሊስ የምትባል ጠንካራ ሴት ታስተዳድረው ነበር፤ መግቢያው ርካሽ ስለሆነ ሠራተኛው ሕዝብ ይመጣ ነበር። ወንዶቹ ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ተዋናይ ጠፋ። ታዲያ ማን ይጫወት? ሲቢል ልዑል ሃልን ሆነች፤ በ«ኪንግ ሊር» ውስጥ የንጉሡን አጫዋች ሆነች። «ይሄ የወንድ ነው፣ ይሄ ለእኔ አይመጥንም» አላለችም። የተሰጣትን ያዘች፤ ከእያንዳንዱም ተማረች።

ስሟ ከፍ ብሎ የተጠራው በ1924 ነው። ደራሲው ጆርጅ በርናርድ ሾው ስለ ፈረንሳዊቷ ጆአን ኦፍ አርክ «ሴይንት ጆአን»ን ሲጽፍ እሷን አስቦ ነበር። ጆአን ገና አሥራዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት፤ ሲቢል ግን ለንደን ውስጥ ስትጫወታት 41 ዓመቷ ነበር። መድረክ ላይ ከወጣች ሃያ ዓመት ሆኗት!

በ1931 «ዴም» የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን፣ ወደ ስድሳ ዓመቷ እየተጠጋች፣ ከባሏ ጋር የዌልስን የማዕድን ቆፋሪዎች መንደሮች እየዞረች «ማክቤዝ»ን አሳየች። መንደሩ ትንሽ ነው ብላ አልናቀችም። በ1976 በ93 ዓመቷ አረፈች።

ወጣቶች፣ «ሁሉም ለበጎ ነው» ልላችሁ አልፈልግም። የእጇ መታመም ለበጎ አልነበረም፤ ሕልም ማጣት ያማል። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ቀጥሎ የመጣላትን ሥራ እንደ ሁለተኛ ደረጃ አልቆጠረችውም። ፒያኖውንም ጨርሳ አልጣለችውም፤ ቤቷ ውስጥ ባክን ትጫወት ነበር። የተማሩት ነገር የትም አይሄድም።

ወላጆቻችን፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። አንዱ መንገድ ሲዘጋብን «የእገሌ ልጅ እኮ ጨረሰች» አትበሉን። እኔ ያኔ ክፍሌን ዘግቼ ስቀመጥ እናቴ ስለ ፈተናው አንድም ቃል አላነሳችም። ቡና አፈላችና ጠራችኝ። ሦስተኛው ስኒ ላይ እኔው ራሴ ማውራት ጀመርኩ። ዛሬ ሌላ ትምህርት እየተማርኩ ነው፤ ወድጄዋለሁም።