ስልኩ ወይስ መልኬ?

ዛሬ ስለ «ስሙያ» እናውራ፤ ምልክት ስለሌላት የትራፊክ ፖሊስ መኪና። አጠገባችሁ ስትሄድ የጎረቤት መኪና ትመስላለች፤ ውስጧ ያለው ፖሊስ ግን እጃችሁን እያየ ነው።

እኔ እደግፋታለሁ። ምልክት ያላትን መኪና ሲያይ ስልኩን የማይደብቅ ማን አለ? በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየነዳ ዋትሳፕ ለማንበብ 4 ሰከንድ ያጎነበሰ ሰው፣ 100 ሜትር መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው። ቅጣቱ 1000 ሸቀል ነው፣ «ነኩዶት»ም ይመዘገብበታል። ይበለው!

የእኛ ነገር ግን ትንሽ ይለያል። በ2021 ባጋጽ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወስኗል። ሹፌርን ግን ያለ ምንም ጥርጣሬ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። እና የእኛ ልጅ መኪና ውስጥ ሲቆም፣ ስልኩ ነው ወይስ መልኬ? ይላል። ይህን የሚፈታው ቀረጻ ነው፤ «ስልክ ይዘሃል» ያለኝ ፖሊስ ቪዲዮውን ያሳየኝ። ቅጣቱ ካላሳመናችሁ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እናቴ «ከፖሊስ ጋር አትከራከር፣ ከፍለህ ተገላገል» ትላለች። ስልኩን ያልነካ ሰው ለምን ይከፍላል፣ እማዬ?