ስለ ቍጥር ትምህርትና ስለ ምጽዋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኮተቤና በአካባቢዋ፥ በሩቅም በቅርብም ሆናችሁ የምትሰሙን ምእመናን ሆይ! ዛሬ የምንናገረው ስለ ምጽዋት ነው። የምንለምናችሁ ግን ስለ እንጀራና ስለ ልብስ ሳይሆን፥ በገጠር ያሉ ሕፃናት ሒሳብ ስለሚማሩበት ማስመሪያ፥ ኮምፓስ፥ ሚዛንና ጠመኔ ነው።

ምናልባት፥ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቍጥር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። ሊቃውንት አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡት በባሕረ ሐሳብ ነው። የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንመልከት፤ በ5500 ላይ 2017 ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። በዚሁ መንገድ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ። መደመርን፥ መቀነስን፥ ማባዛትንና ማካፈልን የማያውቅ ሰው ይህን ሊያወጣ አይችልም። በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤልን ከዐለት ፈልፍለው ያነጹ አባቶችም ሳይለኩ መሮ አላነሡም፤ ከዐለት አንድ ጊዜ የተቈረጠ ተመልሶ አይቀጠልምና።

ዛሬስ ልጆቻችን ከምን ደረሱ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ቢልም፥ ገና ብዙው ወድቋል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ሕዝቡን ሁሉ ለርዳታ ጠርቷል።

ኮተቤ መምህራን የሚሠለጥኑባት ስፍራ ናት። ከዚህ ተምሮ ወደ ገጠር የሚወርድ መምህር ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የማስተማሪያውን ዕቃ ሁሉ ግን በደመወዙ ሊገዛ አይችልም። ጠጠርና ስንጥር ሰብስቦ መደመርንና መቀነስን ያስተምራል፤ ይህም መልካም ነው። ማእዘን ለመለካትና ክብደት ለመመዘን ግን ጠጠር አይበቃም። ሚዛን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ፥ ነገ የአባቱን ጤፍ ወደ ገበያ ሲያወርድ ቢያጐድሉበት በምን ያውቃል? ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ እንደ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሮናል። እንግዲህ ድኻው ከተበደለ በኋላ ከማዘን ይልቅ፥ እንዳይበደል ማስተማር የሚበልጥ ምጽዋት ነው።

ስለዚህ በየማኅበራችንና በየሰንበቴያችን ከምንደግሰው ጥቂት እንቀንስ። ከመግዛታችን በፊትም መምህሩን እንጠይቅ፤ የጐደለውን የሚያውቅ እርሱ ነውና። ብላቴናው የያዘውን አምስት እንጀራ በሰጠ ጊዜ፥ ከበረከቱ የተረፈው ቍርስራሽ ተሰብስቦ 12 መሶብ ሆኖ ተቈጥሯል። በተአምር የተገኘው ከተቈጠረ፥ ከድኻ መቀነት የተፈታ ገንዘብማ እንዴት ሳይቈጠር ይቀራል? ሰብሳቢዎች በደረሰኝ ይቀበሉ፤ ምን ተገዝቶ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ተሰጠም በዐውደ ምሕረት ይናገሩ። ሒሳብ ለማስተማር የተሰጠ ገንዘብ ሒሳቡ ሊጠፋ አይገባውም።

የሰጪዎችን እጅ ይባርክ፤ ለሕፃናቱም ማስተዋልን ያድልልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።