የተቆጠረውና የታየው

(በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር የድምፅ አሰጣጥና አቀራረብ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በምሕንድስና ሙያ ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ይኸውም በቆጣሪው ፊት ላይ የሚነበበው ቁጥርና በቧንቧው ውስጥ ያለፈው ውሃ አንድ ናቸው ወይ? የሚል ነው። የቆጣሪው ፊት የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከበስተጀርባው ያለው መሣሪያ ከተዛባ አንባቢው የሚያነበው ስሕተትን ነው። የዛሬው ንግግር ይህንኑ ጥያቄ ከውሃ ቧንቧና ከኤሌክትሪክ መሥመር አውጥቶ ወደ ዘፈን መድረክ ይወስደዋል። ርእሱ ለጨዋታ የቀረበ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት በርካታ አገሮች ፍርዳቸውን የሚሰጡበት፣ ብዙ ሚሊዮን ተመልካችም ፍርዱ ሲነገር በዓይኑ የሚከታተልበት ዝግጅት እንደ ዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ያለ ብዙ አይገኝም። ስለዚህም ቆጠራና ትርዒት በአንድነት ሲሠሩ ምን እንደሚያጋጥም ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ የብሮድካስት ኅብረት የተቋቋመው በ1950 ነው። የየአገሩን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአንድ የሥርጭት መረብ ማገናኘት ገና አዲስ ሥራ በነበረበት ጊዜ፣ ኅብረቱ የመጀመሪያውን የዘፈን ውድድር በሜይ 24 ቀን 1956 በስዊስ አገር በሉጋኖ ከተማ አካሄደ። 7 አገሮች ሁለት ሁለት ዘፈን አቀረቡ፤ ከየአገሩም ሁለት ሁለት ዳኞች ተመረጡ። ዳኞቹ ድምፅ የሰጡት በምሥጢር ነበር፤ ለገዛ አገራቸው ድምፅ መስጠትም አልተከለከለባቸውም። የሉክሰምቡርግ ዳኞች ሳይገኙ በመቅረታቸው በእነርሱ ምትክ የስዊስ ዳኞች ድምፅ ሰጡ። በመጨረሻም አሸናፊዋ የስዊሷ ዘፋኝ ሊስ አሲያ መሆኗ ብቻ ተነገረ፤ ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ድረስ ታትሞ አልወጣም። በሉጋኖ ቆጠራ ነበረ፤ ትርዒት ግን አልነበረም። ውጤቱ ምናልባት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል መሆኑን ማንም መመርመር አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት በፍራንክፈርት ከተማ ነገሩ ተለወጠ። ዳኞቹ በየአገራቸው ተቀምጠው ውጤታቸውን በስልክ አስተላለፉ፤ ለገዛ አገር ድምፅ መስጠትም ተከለከለ። በአዳራሹ ውስጥ የውጤት ሰሌዳ ተተከለ፤ ቁጥሩም አንድ በአንድ በሕዝብ ፊት ተደመረ። አዘጋጆቹ ወዲያው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የድምፅ ቆጠራው ራሱ ከዘፈኑ ባላነሰ የሚስብ ትርዒት ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጣቢያዎቹ በአንድ እጃቸው ሁለት ሥራ ይዘዋል። አንደኛው መቁጠር ነው፤ ሁለተኛው ማሳየት ነው። የውድድሩ የድምፅ ታሪክም በመሠረቱ የእነዚህ የሁለቱ ሥራዎች መስማማትና አለመስማማት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ብርቱ ፈተና በ1963 በለንደን ደረሰ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ አገር ለአምስት ዘፈኖች ከ5 እስከ 1 ነጥብ ይሰጥ ነበር። የኖርዌይ ውጤት አንባቢ ተራው ደርሶ ሲናገር የታዘዘውን የአነባበብ ሥርዓት ሳይከተል ስለ ቀረ፣ የዝግጅቱ አስተዋዋቂ ኬቲ ቦይል ወደ እርሱ በኋላ እንደምትመለስ ነግራው ወደ ሌሎቹ አገሮች አለፈች። በመጨረሻ ተመልሳ ስትጠራው ያነበበው ቁጥር ከመጀመሪያው የተለየ ሆነ፤ የስዊስ ነጥብ ቀነሰ፣ የዴንማርክ ነጥብ ጨመረ። በዚህም ምክንያት ዴንማርክ በ42 ነጥብ አሸነፈች፤ ስዊስም በ40 ነጥብ ሁለተኛ ሆነች። ሐሜቱ ለብዙ ዓመታት አልበረደም። የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መዛባቱን ለመለየት ልዩ ባለሙያ አላስፈለገም፤ በየቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ሁለቱንም ንባብ በጆሮው ሰምቷል። ቆጠራውና ትርዒቱ አንድ ስለ ነበሩ ስሕተቱም በትርዒቱ ውስጥ ተገለጠ። ከ1964 ጀምሮ ንባቡን በሥፍራው ሆኖ የሚከታተል የኅብረቱ ተቆጣጣሪ ተመደበ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከሰው ንባብ ሳይሆን ከደንቡ ጉድለት ነው። በ1969 በማድሪድ ስፔን፣ ታላቋ ብሪታንያ፣ ሆላንድና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው 18 ነጥብ አገኙ። እኩል ለወጡ ተወዳዳሪዎች ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ፣ ከ16 ተወዳዳሪ አገሮች አራቱ አሸናፊዎች ተባሉ። በሚቀጥለው ዓመት አንዳንድ አገሮች ከውድድሩ ቀሩ፤ የተወዳዳሪዎቹም ቁጥር ወደ 12 ዝቅ አለ። ማንኛውም መሐንዲስ እንደሚያውቀው መሣሪያ የሚሠራው ዘወትር ለሚያጋጥመው ጭነት ብቻ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ለሚደርሰው ጭነትም ጭምር ነው። የማድሪዱ መሣሪያ ይህን አላሰበም ነበር።

ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ተሞከሩ። በመጨረሻም በ1975 በስቶክሆልም ዛሬ የሚታወቀው ሥርዓት ጸና። እያንዳንዱ አገር ከ1 እስከ 8፣ ከዚያም 10ና 12 ነጥብ ለአሥር ዘፈኖች ያድላል። ይህ ሥርዓት ለትርዒት ብቻ ሳይሆን ለቁጥጥርም ይመቻል፤ የአንድ አገር ነጥቦች ተደምረው ምንጊዜም 58 ይሆናሉና። ስለዚህ 20 አገሮች አንብበው ከጨረሱ በሰሌዳው ላይ ያለው ድምር 1,160 መሆን አለበት። አንድ ነጥብ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ወዲያው ይታወቃል። ለእኩል ውጤትም መፍቻ ተዘጋጀ። በ1991 በሮም ስዊድንና ፈረንሳይ በ146 ነጥብ እኩል በወጡ ጊዜ ደንቡ ለፈተና ቀረበ። በ12 ነጥቦች ብዛትም እኩል ሆነው ስለ ተገኙ በ10 ነጥቦች ብዛት ተለዩ፤ ስዊድን 5 ጊዜ፣ ፈረንሳይ 2 ጊዜ አግኝተው ነበርና ድሉ ለስዊድን ሆነ። በማድሪድ ግራ መጋባትን ያመጣ ነገር በሮም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተፈታ።

እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ የሚያየው ቆጠራውን ራሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ሥራዎች ቀስ በቀስ ተለያዩ። በ1997 አምስት አገሮች የዳኞችን ፍርድ ትተው የተመልካቾችን የስልክ ድምፅ ሞከሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አሠራሩ ወደ አብዛኞቹ አገሮች ተስፋፋ። የስልክ ድምፅ የሚቆጠረው በመሣሪያ ነው፤ ማንም ተመልካች ሲቆጠር አያየውም። የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር ሲበዛ ደግሞ ንባቡ እየረዘመ ሄደ። ስለዚህ ከ2006 ጀምሮ ከ1 እስከ 7 ያሉት ነጥቦች ያለ ንባብ በአንድ ጊዜ በሰሌዳው ላይ እንዲወጡ፣ የሚነበቡትም 8፣ 10ና 12 ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። በ2009 ጎረቤት ለጎረቤት ያደላል የሚለው ቅሬታ ስለ በረታ ዳኞቹ ወደ መጨረሻው ውድድር ተመለሱ፤ የውጤቱም ግማሽ የእነርሱ ሆነ። ዳኞቹ የሚፈርዱት ከዋናው ሥርጭት በፊት ባለው ምሽት፣ በጠቅላላው ልምምድ ላይ ነው። ስለዚህ የእነርሱ ውጤት ሥርጭቱ ሳይጀመር ተቆጥሮ አልቋል፤ የአገሮቹም የንባብ ቅደም ተከተል የተመልካቹ ጉጉት እስከ መጨረሻው እንዳይበርድ ተብሎ በስሌት የሚደረደር ሆነ።

በ2016 በስቶክሆልም የዳኞችና የተመልካቾች ነጥቦች ተለይተው እንዲቀርቡ ተወሰነ። በመጀመሪያ የየአገሩ ዳኞች ይነበባሉ፤ ከዚያም ከሁሉም አገሮች የተሰበሰበው የተመልካቾች ድምፅ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ በአንድ ድምር ይነገራል። በዚያው ዓመት በዳኞች ዘንድ አንደኛ የወጣችው አውስትራሊያ፣ በተመልካቾች ዘንድ አንደኛ የወጣችው ሩስያ ነበረች፤ በሁለቱ ድምር ግን በ534 ነጥብ ያሸነፈችው ዩክሬን ናት። ሁለቱ ፍርዶች ተለይተው ባይቀርቡ ኖሮ ይህ ልዩነት በሥርጭቱ ላይ ለተመልካቹ አይገለጥም ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። ቤተ እስራኤላዊቷ ኤደን አለነ በ2020 አማርኛ ርእስ ያለው ዘፈን ይዛ እስራኤልን ልትወክል ተዘጋጅታ ሳለ ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2021 በሮተርዳም በሌላ ዘፈን ቀርባ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። ከዚህ ውስጥ 73ቱ ከዳኞች፣ 20ዎቹ ከተመልካቾች ነበሩ። ዘፈኑን የዳኞቹ ጆሮ እንዴት እንደ ሰማውና የተመልካቹ ጆሮ እንዴት እንደ ሰማው ቁጥሮቹ ለየብቻ ይናገራሉ።

ይህ አቀራረብ ግን ዋጋ አለው። አንደኛው ዋጋ የሰው ነው፤ በዚያው በ2021 አራት አገሮች ከተመልካቾች ዜሮ ነጥብ ማግኘታቸው ዘፋኞቹ በካሜራ ፊት ተቀምጠው እያሉ በይፋ ተነገራቸው። ሁለተኛው ዋጋ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ይመልሳል።

በ2019 በቴል አቪቭ የቤላሩስ ዳኞች በግማሽ ፍጻሜው የሰጡትን ድምፅ ከጊዜው በፊት በመናገራቸው ከሥራቸው ተነሡ። በእነርሱ ምትክ ከሌሎች አገሮች ውጤት የተቀመረ የነጥብ ዝርዝር እንዲዘጋጅ ተደረገ። በሥርጭቱ ሌሊት የቤላሩስ አንባቢ በፈገግታ የተሰጣትን አነበበች፤ 12 ነጥብ ለእስራኤል። ከሌላ ከማንም ዳኛ አንድ ነጥብ እንኳ ያላገኘ ዘፈን ከአንድ አገር ከፍተኛውን ነጥብ አገኘ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሰሌዳው ተቀበለ፤ ትርዒቱ ቀጠለ። ከውድድሩ በኋላ ግን ታትመው የወጡትን ዝርዝሮች እንደገና የቀመሩ ተመልካቾች ዝርዝሩ ተገልብጦ እንደ ነበር ደረሱበት። ከታች የነበሩት ዘፈኖች ወደ ላይ ወጥተው ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ኅብረቱም የሰው ስሕተት መሆኑን አምኖ ውድድሩ ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ ውጤቱን አረመ። የእስራኤል ድምር ከ47 ወደ 35 ወረደ። አሸናፊዋ ሆላንድ አልተለወጠችም፤ በዳኞች ዘንድ አንደኛ የሆነችው ግን ስዊድን ሳትሆን ሰሜን መቄዶንያ ሆና ተገኘች። በዚያ ዓመት የተመልካቾች ድምፅ ይነገር የነበረው በዳኞች ዘንድ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ አንደኛው በመውጣት ስለ ነበረ፣ የሌሊቱ መደምደሚያ ትዕይንት ራሱ የቆመው በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነበር። ካሜራው ስዊድናዊውን ዘፋኝ ይጠብቅ ነበር፤ በእውነተኛው ቆጠራ ሊጠበቅ የሚገባው ሰው ሌላ ነበር።

የለንደኑንና የቴል አቪቩን ስሕተት አስተያይቶ ማየት ይበጃል። በሁለቱም የአንዱ አገር ድምር ትክክል ነበር፤ በ1963 የነጥቦቹ ድምር 15፣ በ2019ም 58 ከመሆን አልተዛነፈም። የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። ድምርን ብቻ የሚመረምር ቁጥጥር የተገለበጠ ዝርዝርን አይዝም። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የለንደኑን ሁሉም በዚያው ሰዓት አወቀው፤ የቴል አቪቩን ያወቁት ዘግይተው በቤታቸው እንደገና የቀመሩ ጥቂቶች ናቸው። ትርዒቱ እጅግ ስላማረ ጥርጣሬን ዋጠው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ በዚህም ሥራ ከማሳየት መመርመር ይቀድማል።

እርግጥ ነው፣ ኅብረቱ ቁጥጥሩን ችላ አላለም። በ2022 በቱሪን በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ የ6 አገሮች ዳኞች ያልተለመደ የድምፅ አሰጣጥ እንዳሳዩ ተደርሶበት ውጤታቸው በቀመር ተተካ። ለ2026 ውድድር በኖቬምበር 2025 በታወጀው ደንብም አንድ ሰው በአንድ የክፍያ መንገድ የሚሰጠው የድምፅ ብዛት ከ20 ወደ 10 ዝቅ ብሏል፤ ዳኞችም ወደ ግማሽ ፍጻሜው እንዲመለሱ ተወስኗል። እያንዳንዱ ደንብ ከአንድ ስሕተት ወይም ከአንድ ቅሬታ በኋላ እንደሚወለድ ታሪኩ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሰሌዳ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ቁጥር ወደ ምንጩ ተመልሶ ሊመረመር የሚችልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። የሉጋኖ ውጤት ይህ መንገድ የለውም፤ የቴል አቪቩ ስለ ነበረው ታረመ። ሁለተኛ፣ ቁጥጥር ድምርን ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተልንም መመርመር አለበት፤ ከሁሉም የተለየ ነጥብ ሲመጣ ከማጨብጨብ በፊት መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ስሕተት በተገኘ ጊዜ እርማቱ ውጤቱ በተነገረበት ድምፅና ከፍታ ሊነገር ይገባል። በብዙ ሚሊዮን ሰው ፊት የተነገረ ቁጥር በጥቂት መሥመር የጽሑፍ መግለጫ ሲታረም፣ ብዙው ሕዝብ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው።

ዘፈኑ ያልፋል፤ አሸናፊውም በሚቀጥለው ዓመት ይተካል። የማይተካው አንድ ነገር ተመልካቹ በሰሌዳው ላይ የጣለው እምነት ነው። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ቆጣሪም ሆነ የግድብ የውሃ ከፍታ ጠቋሚ የሚነበበው በዚሁ እምነት ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን የሚያስጌጥ ሁሉ ከሰሌዳው በስተጀርባ ላለው ነገር አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የተቆጠረውና የታየው አንድ ይሁኑ።