የአንኮበርን ትንሽ ወፍ ከዘመዶቿ ስለ መለየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተፈጥሮ ክበብ አባላት አንዱ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ አንበሳ ወይም ስለ ዋልያ አይደለም፤ መሬት ላይ ስታርፍ የአፈር ጓል፥ ስትነሣ ነፋስ ያነሣው ደረቅ ቅጠል ስለምትመስል አንዲት ወፍ ነው። ርዝመቷ ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሳይንስ ስሟ ክሪታግራ አንኮበሬንሲስ ትባላለች፤ የአንኮበር ማለት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም አያሌ የውጭ አገር መልክተኞችና ተመራማሪዎች ተመላልሰውባታል። ይህም ሆኖ ወፊቱን እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ጆን አሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 እስካገኛት ድረስ ለሳይንስ አልታወቀችም ነበር። መግለጫዋ ታትሞ የወጣው በ1979 ነው። የአገሩ እረኞች ግን ከዚያ በፊት ሳያዩዋት አልቀሩም። ሊቃውንቱ ስለ ምን ዘገዩ ቢባል፥ እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት ሌላ ወፍ መምሰሏ ነው።

ያቺ ሌላዋ በደጋው ሁሉ በአጥር ጥግና በቁጥቋጦ መካከል የምናያት ገብስማ ዘር በል ናት። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፤ የሁለቱም ደረትና ጎን በጠቆረ ጭረት የተሰመረ ነው። ጭረቱን ብቻ ተመልክቶ «አወቅኋት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ስለዚህ መነጽራችሁን ከደረቷ ላይ አንሡና ፊቷን ተመልከቱ። የተለመደችው ወፍ ከዐይኗ በላይ በኖራ የተኳለ የሚመስል ሰፊ ነጣ ያለ ቅንድብ አላት። የአንኮበሯ ግን ይህ ቅንድብ የላትም። ቀጥሎ መንቁሯን እዩ፤ የተለመደችው ወፈር ያለ፥ የአንኮበሯ ቀጠን ሾጠጥ ያለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ቅንድቡ ነው።

ቦታዋና አኗኗሯም ይረዳል። የአንኮበሯ ወፍ የምትኖረው ከ2,800 ሜትር ገደማ በላይ፥ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት በገደሉ አፋፍ ነው። በመንጋ ሆና መሬት ላይ ዘር ትለቅማለች፤ ስትደነግጥ መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ቦታ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የተለመደችውም እስከ አፋፉ ድረስ ትወጣለችና።

የቀሩት ጎረቤቶቿ አያስቸግሩም። በአዲስ አበባ ግቢዎች የምናያት ቡናማ ዘር በል ቅንድብ አላት፥ ደረቷ ግን ጭረት የለውም። ራሱ ጥቁር፥ ገላው ቢጫ የሆነውን ወንድ ወፍ ከእርሷ ጋር የሚያሳስት ያለ አይመስለኝም። በድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፥ ስትበር የአጭር ጅራቷን ነጭ ጎን የምታሳየው ደግሞ ዘር በል ሳትሆን ነፍሳት ለቃሚ ናት።

ስለ አንዲት ቅንድብ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ይህች ወፍ ከታወቀች ጀምሮ ለብዙ ዓመታት መኖሪያዋ በአንኮበር አጠገብ ያለው ጠባብ የገደል አፋፍ ብቻ ይመስል ነበር። በ1990ዎቹ ግን በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። እንግዲህ በሌላ ገደል ላይ በእውነት ያያት ሰው ትልቅ ዕውቀት ይጨምራል። በአንጻሩ የተለመደችውን አይቶ የአንኮበሯን ስም የጻፈ ተማሪ፥ በወረቀት ላይ ያልነበረች ወፍ ያበዛል፤ ሰውም «ብዙ አለች» ብሎ ይተዋታል። በዚያው ጊዜ ግን እርሻው፥ ግጦሹና ባሕር ዛፉ ወደ አፋፉ እየተጠጉ ናቸው። (እዚያ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ልጆቹን ሊያበላ እንጂ ወፍ ሊያባርር አይደለም፤ እርሱን መውቀስ አይገባም። ይልቁንም ወፊቱን ከእኛ አስቀድሞ የሚያያት እርሱ ነውና፥ ቅንድቡን ብናሳየው ከማናችንም ይልቅ ሊረዳን ይችላል።)

ስለ አመዘጋገቡ ጥቂት ልጨምር። በዚያ አገር ጉም በድንገት ይመጣል፤ በጉም ውስጥ ወፍ ሁሉ አመድማ ነው። ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ይሻላል። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቦታውን ስም፥ ከፍታውንና የወፎቹን ቁጥር እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ቤት ገብታችሁ በትዝታ አትጻፉ። ቅንድቡን ለማየት ካልቻላችሁ «አልታየኝም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «የለም» አትበሉ፤ ጉም የነበረ እንደ ሆነም ይህንኑ ከጎኑ አስፍሩት።