አዲስ ኩሬ እርሾ ይፈልጋል

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አዲስ የዓሣ ኩሬ ነው። ስለ ቁፋሮው አይደለም፤ ቁፋሮውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምንነጋገረው ውኃው ከሞላ በኋላ፣ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ስላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው በእነዚያ ሳምንታት ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ኩሬ ይቆፍራል። ምንጭ ጠልፎ ውኃ ያስገባል። ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ ታች ያለው ጠጠር እንኳ ይታያል። በማግሥቱ የዓሣ ጫጩት ገዝቶ ይለቅበታል። ጥቂት ቆይቶ ከፊሎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። የቀሩትም አይፋፉም። "ዓይን በላቸው" ይባላል። ወይም ሻጩ ይታማል። ብዙ ጊዜ ግን ውኃው ገና ለዓሣ አልተሰናዳም ነበር።

ንጹሕ ውኃ እንዴት ዓሣ ይጎዳል? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ኩልል ባለ ውኃ ውስጥ የሚበላ ነገር የለም። ሁለተኛውን ለመረዳት በረታችሁን አስቡ። ሽንት ሲጠራቀም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል። ያ ሽታ አሞኒያ ይባላል። ዓሣም አሞኒያ ያስወጣል፤ በአብዛኛው የሚያስወጣው በሚተነፍስበት በስንጥቡ ነው። ተርፎ የበሰበሰ መኖም አሞኒያ ይሆናል። ከብት በረቱ ሲከፋበት ይወጣል። ዓሣ ግን ወዴት ይውጣ? የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም በዚያው ውኃ ነው።

በቆየ ኩሬ ይህን ቆሻሻ የሚያነሡ ሠራተኞች አሉ። በዓይን አይታዩም፤ ባክቴሪያ ይባላሉ። በጭቃው፣ በድንጋዩና በሣሩ ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ አየር እንዳይሸከም ያግደዋል። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ዓሣውን ያን ያህል አይጎዳውም፤ ለዕፅዋት ግን ምግብ ነው። ይኸው ሥራ በእርሻችሁ አፈር ውስጥም ይካሄዳል። እነዚህን ሠራተኞች ለይቶ ያሳየው በኪየቭ የተወለደው ሳይንቲስት ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1890 ነበር።

በአዲስ ኩሬ ግን ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው። የሚበዙትም ቀስ ብለው ነው። ሊጥ እርሾ ገብቶበት እንኳ እስኪቦካ ይጠበቃል፤ ኩሬም እንደዚያው ነው። በከተማ በመስታወት ሣጥን የጌጥ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም አዋቂዎቹ ውኃ ሞልተው፣ የውኃ ተክል ተክለው፣ ሣጥኑን ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያቆዩታል። ባዶ ሣጥን ያያሉ ብሎ ሰው ይስቅባቸዋል። የሚስቅ ይሳቅ።

ታዲያ ለእኛ ኩሬ ምን እናድርግ? አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት አገር ውኃ ሳይገባ የእርሻ ኖራ በወለሉና በግድግዳው ይበተናል። ለ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ነው፤ የልማት ሠራተኛው አፈሩን ቢያስመረምርላችሁ ግን ይሻላል። ከ2 ሳምንት በኋላ ውኃ ይገባል። መግቢያው ላይ ወንፊት ይታሰር፤ አለዚያ አምባዛ ሾልኮ ይገባና ጫጩቱን ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ፍግ ነው። የኩሬውን አንድ ጥግ በእንጨት አጥራችሁ የከብት ፍግ እዚያ ጨምሩ። ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ለመጀመሪያ ይበቃል። ዓሣ ያልታመመበት የቆየ የጎረቤት ኩሬ ካለ፣ አንድ ሁለት ባልዲ አረንጓዴ ውኃ በጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩበት። እርሾው ያ ነው።

በአንድ ሁለት ሳምንት ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳታፈሱት! አረንጓዴ ያደረጉት አልጌ የሚባሉ ደቃቅ ዕፅዋት ናቸው። አሞኒያውንም ናይትሬቱንም ይመገባሉ። ፀሐይ ሳለ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ያወጣሉ። ቆሮሶ ደግሞ እነርሱን ይበላል።

መለኪያው ክንዳችሁ ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውኃው አስገቡ። ውኃው ክርናችሁ ሲደርስ መዳፋችሁ ከዓይን ከጠፋ ኩሬው ደርሷል። ክርናችሁ ጠልቆም መዳፋችሁ ከታየ ገና ነው፤ ትንሽ ፍግ ጨምሩና ጠብቁ። ውኃው ገና አንጓችሁ ላይ ሳለ መዳፋችሁ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ይስማማዋል። በደጋ ግን ሠራተኞቹም ይፈዛሉ፤ መጠበቂያውም ይረዝማል።

ኩሬው ሲደርስ ለ1 ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ይበቃል። ጫጩቱ ከቅርብ የሚገኝ ከሆነ አስቀድማችሁ 5 ወይም 6 ብቻ በመረብ ቅርጫት አንድ ሌሊት አሳድሩ። በደኅና ካደሩ የቀሩትን አምጡ። ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ከሌላ ሩቅ ቦታ የሚመጣ ከሆነ፣ ላስቲኩን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ያህል ኩሬው ላይ አንሳፍፉት፤ ውኃና ውኃው ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ።

ከተለቀቁ በኋላ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው ውረዱ። ሌሊት አልጌውም ፍጉም አየሩን ይሻሙታል። ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ካያችሁ፣ የዚያን ቀን ፍግም መኖም አትጨምሩ፤ ከምንጩ አዲስ ውኃ ልቀቁላቸው።